ለክፉ ቀን የተቀመጠው የት ነው?

የሰው ቤት በእንግዳ መቀበያው ይመሰገናል፤ በጓዳው ግን ይመረመራል። እንግዳ ይመጣል በተባለ ጊዜ ወንበሩ ይወለወላል፣ ጠረጴዛው ልብስ ይለብሳል፣ ወለሉ ተጠርጎ ቄጠማ ይጐዘጐዛል። በዚያው ሰዓት ከሳሎኑ የተነሣው ትርፍ ዕቃ ሁሉ በጥድፊያ ወደ ጓዳ ይገባና በሩ ይዘጋበታል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን የገባው ዕቃ አይወጣም። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጓዳውም ይሞላል። ጓዳው ሲሞላ አልጋ ሥር ይታጨቃል፤ አልጋ ሥር ሲሞላ በቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ይከመራል፤ በመጨረሻም በረንዳውና የደረጃው ሥር የጓዳ ምትክ ይሆናሉ።

አንባቢ ሆይ! ይህን ስጽፍ የሌላውን ሰው ገበና ለማውጣት እንዳልተነሣሁ አስቀድሜ ለማስታወቅ እወዳለሁ። የምናገረው ስለ አያቴ ጓዳ ነው። እርሳቸውም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። የፈቀዱልኝ ግን «ጻፈው፤ የራስህንም ካርቶኖች አብረህ ጻፍ» በሚል ውል ነው። ውሉን ከቦታው ስደርስ እፈጽማለሁ።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። አያቴ የሚኖሩት ጉለሌ፣ ከጭቃ በተሠራና ቈርቈሮ በለበሰ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያ ለማሳደስ አስበን ፈቃድ ጠየቅን። የቤቱ ካርታ ይቅረብ ተባለ፤ የተጠየቀውም ተገቢ ነገር ነው። ካርታው የት እንዳለ አያቴን ብጠይቃቸው ያለ አንዳች ጥርጥር «ጓዳ ነው፤ አጥብቄ ነው ያስቀመጥሁት» አሉኝ። ማስቀመጣቸው እውነት ነው። ነገር ግን 11 ቀን ሙሉ ፈልገን አጣነው።

በ12ኛው ቀን ካርታው ተገኘ። የተገኘውም ወለሉ ላይ በተቀመጠ የብስኩት ቈርቈሮ ውስጥ፣ ከአዝራርና ከክር ሥር ነው። ቈርቈሮው ክዳኑ ጠፍቷል፤ በላዩ የተጣለውም ጆንያ ከጣሪያው የወረደ ውሃ ጠጥቶ ነበር። የወረቀቱን አንድ ማእዘን አይጥ በልቶታል፤ ማኅተሙም በርጥበት ፈዝዞ የማይነበብ ሆኗል። ምትኩን ለማውጣት ስንመላለስ ክረምቱ ገባ፤ ጣሪያውም ሳይታደስ ከረመ። ነገሩን አስተውሉት። ጣሪያው ያፈስ የነበረው በጓዳው ላይ ነው። ጣሪያውን ለማሳደስ የሚያስፈልገው ወረቀት የነበረው በዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ያበላሸውም ያው የጣሪያው ፍሳሽ ነው።

እንግዲህ ክረምቱ አልፎ የ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ፣ በአንድ ቅዳሜ ጧት እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ጓዳው ገባሁ። በደጅ ሲያልፉ ያዩኝ አንዲት የሰፈራችን ባልቴት «ደግሞ ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» ብለው ሳቁ። በእኔ አስተያየት ለብዙ ጓዳ መበላሸት አንዱ ምክንያት ይኸው አነጋገር ነው። ዕቃውን ወደ ጓዳ የሚያስገባው ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። አባት የተበላሸውን ራዲዮ ያስገባል፤ ልጅ ያረጀውን ቦርሳ ያስገባል፤ የሩቅ ዘመድም «ለጥቂት ቀን ይቀመጥልኝ» ብሎ ሻንጣውን ትቶ ይሄዳል። የጓዳው ሸክምና ነቀፌታው ግን የአንዲት እናት ወይም የአንዲት አያት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዕቃውን ሁሉ አውጥቼ በግቢው በሸራ ላይ ዘረጋሁና ቈጠርሁት። ጀሪካን 14፤ ከነዚህም ክዳን ያላቸው 5 ብቻ። ፋኖስ 3፤ በዚያ ክረምት ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ከሱቅ ሻማ ስንገዛ ነበር። የተሰነጠቀ የሸክላ ምጣድ 2፣ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1፣ ምስሉ የጠፋ ቴሌቪዥን 1፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ 4፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ 7። ባዶ የዘይት ዕቃና ጠርሙስ ከ30 በላይ። ከዚህም ሌላ ተጀምሮ የቀረ የመድኃኒት ፍሬ፣ ፈሳሹ ወጥቶ የዛገ የባትሪ ድንጋይ፣ የት ቤት እንደሚከፍት የማይታወቅ ቁልፍ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ አንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው። ከምግብ ዘይቱ ጐን ቆሞ ነበር፤ እኩሌታ ያህልም ፈሳሽ ይዟል። ክዳኑን ከፍቼ ባሸትተው የተባይ መርዝ ሆኖ ተገኘ። የጐረቤታችን የ4 ዓመት ሕፃን በየቀኑ በዚህ ጓዳ በር ላይ ይጫወታል። ለስላሳ መጠጥ ያለበት ጠርሙስ ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

በመደርደሪያው ላይ፣ ከወለሉ ርቀው፣ በላስቲክ ተሸፍነውና በገመድ ታስረው የተቀመጡ 4 ትልልቅ ካርቶኖችም ነበሩ። ከጓዳው ሁሉ እንደነሱ በክብር የተያዘ ዕቃ የለም። ስከፍታቸው የራሴ ሆነው ተገኙ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፎቶ ኮፒ ያስነሣኋቸው፣ ፈተናው ካለፈ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ያልገለጥኳቸው የትምህርት ወረቀቶች ናቸው። አያቴም «ልጄ የተማረበት ነው ብዬ አይጥ እንዳይደርስበት ስጠብቀው ኖርሁ» አሉኝ። የቤቱ ካርታ ወለል ላይ በአይጥ ሲበላ፣ የእኔ ወረቀት ግን ደረቁን ቦታ ይዞ ነበር ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያች ሰዓት ሞኙም ወረቀቱም በአያቴ ጓዳ ተገናኙ። ውሌን ፈጽሜአለሁ።

ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ያፈርሁት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ወዲያው «እማማ፣ ይህን ሁሉ ጭነን ብንጥለው ነው የሚሻለው» አልኋቸው። አያቴ አልተቈጡም። በርጩማቸውን ስበው ተቀመጡና እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ አንተ ሱቅ ሁልጊዜ ክፍት ይመስልሃል። እኔ በቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለአንድ ኪሎ ስኳር ከሌሊት ጀምሬ ተሰልፌአለሁ። አንዷን ሳሙና ለሦስት ከፍዬ ያጠብሁበት ወር ነበር። በሰባ ሰባት ዘመዶቻችን ከወሎ ሲመጡ ያለበስኋቸው ብርድ ልብስ የወጣው ከዚህ ጓዳ ነው። አንተ ዛሬ ትርፍ ነው የምትለው ያን ቀን ትርፍ አልነበረም።»

ለዚህ ቃል ፈጥኖ የሚመልስ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ፣ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ የነበረውን የራሽን ሰልፍ ያየ ትውልድ ባዶ ጆንያ እንኳ ለመጣል እጁ ቢሳሳ የሚያስነቅፈው አይደለም። የእኛ ዕድሜ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ይህን ቁጠባ ንፉግነት ወይም ኋላ ቀርነት እንለዋለን። በበኩሌ ይህ ስሕተት ነው እላለሁ። ለነገ ማሰብ ትልቅ ጥበብ ነው፤ አገርም የሚቆመው በዚሁ ነው።

ስለዚህ ክርክሬን ትቼ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «እማማ፣ ክፉው ቀን ዛሬ ማታ ቢመጣ ከዚህ ጓዳ ምን ያወጣሉ?»

አያቴ ሳያመነቱ «ባቄላው አለ፤ አንድ ጆንያ ሙሉ» አሉ። ባቄላውን የገዙት በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ሰሞን ነው። ጆንያውን ከማእዘኑ ጐትተን አወጣነው። ሥሩ ከወለሉ ርጥበት የተነሣ ሻግቷል። አፉን ስንፈታው ነቀዝ ወጣ፤ እጄን ብሰደው የያዝሁት ባቄላ ሳይሆን ዱቄትና ቅርፊት ነው። አያቴ ጥቂት ዝም ብለው አዩት። ከዚያም «ይህን የበላ ድኻ ቢሆን ኖሮ በጸደቅሁ ነበር» አሉ። እኔም ክርክሩን በመርታቴ ደስ አላለኝም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይህ ነው። በቤታችን ያለው ጕዳት የመጣው ለክፉ ቀን በማስቀመጣችን አይደለም፤ ያስቀመጥነውን ባለማወቃችን ነው። የት እንዳለ የማይታወቅ ዕቃ እንደ ሌለ ይቈጠራል። የተበላሸ መሆኑ ሳይታወቅ የተቀመጠ እህል ደግሞ ከሌለ ይብሳል፤ ሰው አለኝ ብሎ እንዲዘናጋ ያደርገዋልና። ሦስት ፋኖስ እያለን በጨለማ ተቀመጥን፤ ካርታ እያለን ካርታ የለሽ ሆንን፤ አንድ ጆንያ ባቄላ እያለን ባቄላ አልነበረንም።

ታዲያ እኛ ኢትዮጵያውያን ዕቃ ማስቀመጥ አናውቅምን? ይህን የሚል ቢኖር ወደ እድራችን ዕቃ ቤት ይምጣ። በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ሐዘን ደረሰ። አያቴ በሴቶች እድር የዕቃ ኃላፊ ናቸው። ሲጠሩ ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ፤ እኔም ዕቃ ለማውጣት አብሬ ሄድሁ። በሩ ሲከፈት ያየሁትን ለማመን አስቸገረኝ። ሰሃን 120፣ ብርጭቆ 120፣ ብረት ድስት 6፣ ጭልፋ 8፣ ሁሉም በየመደርደሪያው ተደርድሯል። በድስቶቹ ላይ የእድሩ ምልክት በቀይ ቀለም ተጽፏል። ድንኳኑ ደርቆና ተጣጥፎ በርብራብ ላይ ተቀምጧል። አያቴ እየቈጠሩ አስወጡ፤ ወጪ አድርገው ጻፉ፤ ተቀባዩንም አስፈረሙ። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ሲመለስ ጭልፋው 7 ሆነ። ሳይመሽ 8ኛው ጭልፋ ከአንድ ጐረቤት ወጥ ቤት ተገኘ።

ወደ ቤት ስንመለስ «እማማ፣ ከእድሩ አንድ ጭልፋ ቢጠፋ መቼ ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዕለቱን ነዋ» አሉ። «ከእርስዎ ጓዳ ቢጠፋስ?» ብላቸው ቆም አሉና ሣቁ። «እኔ ስሞት ነዋ የሚታወቀው» አሉ።

ይህ ቃል ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። በየሰፈሩ የምናየው እውነት ነው። አንድ አረጋዊ ሲያርፉ አርባው ሳይወጣ ልጆች ይሰበሰቡና ጓዳውን በአንድ ቀን ያጸዳሉ። ማን ምንን ለምን እንዳስቀመጠው የሚያውቀው ሰው የለምና የሚጠቅመውም የማይጠቅመውም በአንድ መኪና ተጭኖ ይሄዳል። የብራና መጽሐፍ ከጋዜጣ ጋር፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ከካርቶን ጋር ይጣላል። ስለዚህ ጓዳ መስተካከል ያለበት ባለቤቱ በሕይወት ሳለና አፍ አውጥቶ መናገር ሲችል ነው። ወጣቱም ቢሆን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደ ተባለው እንዳይሆንበት፣ ሳይጠይቅ የሚጥለው ነገር ሊኖር አይገባም።

እድር የሚሠራበትን ሕግ ብንመረምረው ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው፤ ቦታ አለው፤ ሥራ አለው፤ ስለ እርሱ የሚጠየቅ ሰውም አለው። የቀደሙት አባቶቻችንና እናቶቻችን ቤትም እንዲህ ነበር። ጎታው ለእህል፣ ጋኑ ለጠላ፣ እንስራው ለውሃ፣ ሙዳዩ ለጌጥ፣ አገልግሉ ለመንገድ ስንቅ ነው። የዕቃው ስም ሥራውን ይናገር ስለ ነበር «ይህ ምንድን ነው?» የሚያሰኝ ነገር በቤት ውስጥ አልነበረም። የዛሬው ጀሪካንና ካርቶን ግን ስሙ አንድ ሆኖ ሆዱ ልዩ ልዩ ነው፤ ውሃም፣ ላምባም፣ መርዝም ይይዛል። ዘመኑ የዕቃውን ብዛት ሲጨምርልን የአያያዙን ልማድ እኛ አልጨመርንበትም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ፋብሪካዎቻችን ከእኛ ቀድመው አስበውበታል። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ከጃፓን የመጣው የካይዘን ትምህርት በብዙ ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል። ከትምህርቱም መጀመሪያ የሚነገሩት አምስቱ «ማ»ዎች ናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በዚህ አሠራር አስፈላጊነቱ ያጠራጠረ ዕቃ ቀይ ካርድ ይንጠለጠልበታል። የተወሰነለት ጊዜ እስኪያልፍ ፈላጊ ካልመጣለት ይወገዳል። በፋብሪካ ይህን ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ካልሲውን ፍለጋ ሻንጣ የሚገለብጥ ከሆነ ትምህርቱ በር ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ የአሮጌ ሰፈር ጣጣ ነው፣ ጓዳ የሌለውን የኮንዶሚኒየም ነዋሪ አይመለከተውም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲያውም እርሱን ይበልጥ ይመለከተዋል። ቦታው በጠበበ መጠን የማይሠራ ዕቃ ኪራይ ይወደዳልና። በረንዳው በጀሪካንና በተሰበረ ወንበር ሲሞላ ልጆች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ያጣሉ። በደረጃው መወጣጫ ላይ የተከመረው አሮጌ ፍራሽም የእሳት አደጋ ቢነሣ የጐረቤትን ሁሉ መውጫ ይዘጋል። የራስ ጓዳ ሲሞላ በጋራ መንገድ ላይ ማፍሰስ ከእኔ ብሶ ለሌላው ማለት ነው።

እንግዲህ ከአያቴ ጋር የሠራነውን በአጭሩ ልናገር። ዕቃውን ሁሉ በፀሐያማ ቀን ወደ ውጭ አወጣን። ጓዳ በግማሽ ወጥቶ በግማሽ አይስተካከልም። ከዚያም ለእያንዳንዱ ዕቃ አያቴ ፍርድ ይሰጣሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። የማይጣል፣ የሚጠገን፣ ለሌላ የሚሰጥ፣ የሚወገድ በማለት አራት ቦታ ከፈልነው። ያጠራጠረውን ቀይ ክር አሰርንበትና በደብተር ላይ ቀኑን ጻፍን። እስከሚመጣው ጥቅምት ካልተፈለገ ይሄዳል። «ልጣለው ወይስ ልተወው» የሚለው ጭንቀት ከዚህ በኋላ ቀለለ፤ ቀይ ክር ማንንም አያስለቅስምና።

ወደ ጓዳው ሲመለስ ደግሞ ሥርዓት ያዘ። እህልና ዱቄት ከወለሉ በርብራብ ከፍ ብለው፣ ከግድግዳውም ጥቂት ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ርጥበት ከሥርና ከጐን ይመጣልና። አዲሱ ከኋላ፣ የቀደመው ከፊት ሆነ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲበላ። የሻገተ በርበሬ፣ የሻገተ በቈሎና ኦቾሎኒ ሻጋታውን አራግፎ መጠቀም አይገባም። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በመቀቀልና በመቍላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህልም ቢሆን በየጊዜው እየተበላ በአዲስ መተካት አለበት እንጂ እንደ ሐውልት ቆሞ ዓመታት መቈጠር የለበትም።

ላምባውና መርዙ ከምግብ ተለይተው በሚቈለፍ ቦታ ገቡ። መርዝ በመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ በቤታችን ፈጽሞ ተከለከለ። ከሐኪም ትእዛዝ የተረፈ መድኃኒት «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ማኖርም ቀረ። ሳይጨርሱ ያቋረጡትን የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሌላ ቀን በግምት መዋጥ በሽታውን መድኃኒት ያለማምደዋል። ጊዜው ያለፈበትን እንዴት እንደሚያስወግዱት መድኃኒት ቤቱን ወይም ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ይገባል። ዋና ዋናዎቹ ወረቀቶች ማለት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ በአንድ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልለው ገቡ። የእያንዳንዱም ቅጂ በሌላ ቤት፣ በእናቴ ዘንድ ተቀመጠ።

የሚወጣው ዕቃስ ወዴት ይሂድ? መጣል የመጨረሻው መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ጧት ጧት «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ጐልማሳ፣ «ልዋጭ!» የሚለውንም ነጋዴ ሁላችንም እናውቃለን። ቈርቈሮውና ብረቱ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያም በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ሆኖ ይወጣል። በእኛ ጓዳ 10 ዓመት የዛገው ማንቆርቆሪያ እዚያ ለአንድ ሠራተኛ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። የሚለበስ ልብስና ብርድ ልብስ አጥቦ ለጐረቤት ችግረኛ፣ ወይም አረጋውያንንና ሕሙማንን ለሚረዳው ለመቄዶንያ ማእከል መስጠት ይቻላል። የድሮ ጽሑፍ፣ ደብዳቤና መጽሐፍ የያዘ ሰው ደግሞ ከማቃጠሉ በፊት በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውን ወመዘክርን ቢጠይቅ መልካም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን? የአያቴ ጓዳም ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ ነበር።

ከ14ቱ ጀሪካኖች 5ቱ ቀሩ፤ ውሃ በተራ ለሚመጣበት ሰፈር እነዚህ ሀብት ናቸው። 2 ፋኖስ ለጐረቤት ተሰጠ፤ 1 በበሩ አጠገብ ተሰቀለ። ከእኔ 4 ካርቶኖች አንድ ደብተር ብቻ አስቀረሁ። ጥቂቱን ለሰፈራችን ተማሪዎች ሰጠሁ፤ የተረፈው የባለ ሱቁ የቆሎ መጠቅለያ ሆነ። ከጻፉት መምህራን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወረቀቱ ከፈተና ወዲህ ሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን አልተቈጠረም፤ ቀይ ክርም አልታሰረበትም። እርሱም የአያቴ ባለቤት፣ የሟቹ ወንድ አያቴ ካፖርት ነው። ብሉ ብሎት ነበር፤ የሚለብሰውም የለም። እጄን ስዘረጋ አያቴ «እሱን ተወው» አሉኝ፤ ተውሁት። ሥራው ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ፤ ሥራው መታወስ ነው። የአንድ ሰው ትዝታ አንድ ሣጥን ይበቃዋል፤ ሣጥኑም ሊከበር ይገባል። ጓዳውን ሁሉ ሣጥን ስናደርገው ግን የምናስታውሰውን እንኳ ማግኘት ያቅተናል።

የጠፋው ካርታ ተተክቶ፣ ጣሪያውም በ2017 ዓ.ም. ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ታደሰ። ዛሬ በጓዳው በር ውስጥ በምስማር ላይ አንድ ደብተር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የሚገባውም የሚወጣውም ይጻፍበታል፤ የሚጽፉትም አያቴ ብቻ አይደሉም።

ስለዚህ በየቤታችን በዓመት ሁለት ቀን እንድንለይ አሳስባለሁ። አንዱ በጳጉሜን፣ ለአዲሱ ዓመት ቤት ስናሰናዳ ደብተሩን ይዘን የምንቈጥርበት ቀን ይሁን። ሁለተኛው በጥቅምት፣ ፀሐይ ሲጸና አውጥተን የምናደርቅበትና የምናጣራበት ይሁን። በሁለቱም ቀን ሽማግሌው ይፍረድ፣ ወጣቱ ይሸከም፣ ሕፃኑም ያንብብ። ክፉ ቀን መቼ እንደሚመጣ አይነግረንም፤ በመጣ ጊዜ ግን «ጓዳ ነው፤ አጥብቄ ነው ያስቀመጥሁት» የሚለው ቃል ብቻውን አያድነንም። የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ማወቅ አለብን።